የጆንሰኖችና የዋሽንግተኖች ነገር

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ጆንሰን ነው። ስለ አሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን አልፈርምም ብሎ መለሰው ይላል። ትንሽ ቆይቼ ሌላ ጽሑፍ ስከፍት ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን ፈርሞ አጸደቀው ይላል። ሰውየው ሐሳቡን ቀየረ ማለት ነው ብዬ ዓመቶቹን ሳይ በመካከላቸው አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። ለካ ሰዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ አንድሩ፣ ሌላው ሊንደን። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎችን እየፈለግኩ ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል። ዛሬ የወደድኳቸውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛው ስም የአባት ስም አይደለም፤ የቤተሰብ ስም ነው። ከቅድመ አያት ከምንጅላት ሲወርድ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ የቤተሰብ ስም ካላቸው ይዛመዳሉ ብሎ ማሰብ ይቀናል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ሳነብ ግን ብዙዎቹ ጋር ስሙ የመጣው በደም አይደለም። በባርነት ነው፣ በስደት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው ራሱ ቁጭ ብሎ መርጦት ነው። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ይሄ ነው።

በደም የሚገናኙትን ቶሎ ልለፋቸው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ የመጡ የቤተሰብ ስሞች አምስት ናቸው፦ አዳምስ፣ ሃሪሰን፣ ጆንሰን፣ ሩዝቬልትና ቡሽ። አዳምሶቹና ቡሾቹ አባትና ልጅ ናቸው። ሃሪሰኖቹ አያትና የልጅ ልጅ ናቸው፤ አያትየው በ1841 ሥልጣን ላይ የቆየው 31 ቀን ብቻ ነው፣ ታሞ ሞተ። ሩዝቬልቶቹ ራቅ ያለ ዝምድና አላቸው። እንዲያውም ለቴዎዶር ሩዝቬልት የሚቀርበው ፍራንክሊን ሳይሆን የፍራንክሊን ሚስት ኤሌኖር ናት። የወንድሙ ልጅ ነች። በ1905 ስትዳር አባቷ በሕይወት ስላልነበረ ፕሬዚዳንቱ አጎቷ ራሱ ነው እጇን ይዞ ለሙሽራው ያስረከባት። ስሟንም መቀየር አላስፈለጋትም፤ ሩዝቬልት ሆና ተወልዳ ሩዝቬልት አገባች።

ከአምስቱ የማይዛመዱት ጆንሰኖቹ ብቻ ናቸው። ደግሞ እንደነሱ ሕይወታቸው የሚመሳሰል የለም።

አንድሩ ጆንሰን በ1808 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተወለደ። ድሃ ነበር፤ የምር ድሃ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ልጅ እያለ ሙያ እንዲለምድ ለልብስ ሰፊ ተሰጠ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ልብስ ሰፊውም ይዞ ላመጣልኝ 10 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ጋዜጣ ላይ አወጣበት። በኋላ መጻፍና ሒሳብ እንዲያሻሽል የረዳችው ሚስቱ ናት። እንዲህ ያደገ ሰው የተገፋ ሰው ሕመም ይገባዋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱ ግን ሲያልፍለት ራሱ ባሪያ ገዛ። ደቡቦቹ ግዛቶች ሲገነጠሉ ከነሱ ሴናተሮች መሐል አልሄድም ብሎ የቀረ እሱ ብቻ ነበር፣ ለዚህ ነው ፕሬዚዳንት ሊንከን ለ1864 ምርጫ ምክትሉ አድርጎ አብሮት የቀረበው። መጋቢት 1865 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ሚያዝያ ላይ ሊንከን ተገደለ። ልክ በስድስት ሳምንቱ አገሪቱ እጁ ላይ ወደቀች።

በቀጣዩ ዓመት ኮንግረሱ፣ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ጥቁርም ሆነ ነጭ ዜጋ ነው፣ እኩል መብት አለው የሚል ሕግ አወጣ። ጆንሰን አልፈርምም አለ። ኮንግረሱ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ ያለሱ ፊርማ ሕግ አደረገው። ፀባቸው እየከረረ ሄዶ በ1868 ከሥልጣን ሊያስወርዱት ክስ መሠረቱበት፣ ሴኔት ውስጥ በአንድ ድምፅ ተረፈ።

ሊንደን ጆንሰን የተወለደው በ1908 ነው። ልክ በመቶ ዓመቱ። እሱም ደቡብ፣ ቴክሳስ። እሱም ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፣ እሱም አለቃው በጥይት ተገድሎበት ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው። ኅዳር 22፣ 1963 ኬኔዲ ዳላስ ውስጥ ተገደለ፤ ሊንደን ቃለ መሐላውን የፈጸመው አውሮፕላን ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ሊንደን ገና ወጣት ሳለ ኮቱላ በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ውስጥ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ የድሃ ልጆችን አስተምሯል፤ እነዚያን ልጆች ፕሬዚዳንት ከሆነም በኋላ በንግግሩ ያነሳቸው ነበር። ሐምሌ 2፣ 1964 የሲቪል መብቶች ሕግን ፈረመ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ 6 የመምረጥ መብት ሕግን ፈረመ። አንድሩ የዘጋውን በር ሊንደን ከፈተው ማለት ይቻላል። ቬትናም ላይ የሠራው ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱን ረስቼው አይደለም። ግን እነዚህን ሁለት ፊርማዎች ማንም አይወስድበትም።

በነገራችን ላይ የሊንከንና የኬኔዲ መመሳሰል እየተባለ ኢንተርኔት ላይ የሚዞር ረጅም ዝርዝር አለ። ሁለቱንም የተካቸው ጆንሰን መሆኑ እዚያ ውስጥ አለ፣ እውነትም ነው። የኬኔዲ ጸሐፊ ሊንከን ትባል ነበር የሚለውም እውነት ነው። የሊንከን ጸሐፊ ኬኔዲ ይባል ነበር የሚለው ግን ውሸት ነው። የሊንከን ጸሐፊዎች ጆን ኒኮላይና ጆን ሄይ ናቸው። ያንን ዝርዝር ስታገኙ ሁሉንም አትመኑት።

ጆንሰን ማለት «የጆን ልጅ» ማለት ነው። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ከስሚዝ ቀጥሎ ሁለተኛው የአሜሪካ የቤተሰብ ስም ነው፤ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠራበታል። ከስዊድን ዮሃንሰን ሆኖ መጥቶ አሜሪካ ሲደርስ ጆንሰን የሆነ ስደተኛ ብዙ ነው። ብዛቱ ታዲያ ለአንድ ሰው ችግር ፈጠረ፤ ይሄን ታሪክ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ።

ሰውየው ባርነትን በመታገል የታወቀው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ሲወለድ እናቱ ያወጣችለት ስም ፍሬድሪክ ኦገስተስ ዋሽንግተን ቤይሊ ነበር። መስከረም 1838 ከባልቲሞር አመለጠ። ከባርነት የሸሸ ሰው የድሮ ስሙን ይዞ አይዞርም፣ ስሙ ያስይዘዋል። ስለዚህ ኒው ዮርክ ሲደርስ ጆንሰን ተባለ። አና መሪን ያገባውም ጆንሰን ተብሎ ነው፤ የጋብቻ ወረቀታቸው ላይ ያለው ስም ይሄ ነው። ከዚያ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒው ቤድፎርድ ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄዱ። እዚያ ሲደርስ ከተማው ጆንሰን በጆንሰን ነው! ያስጠለለው ሰው ራሱ ናታን ጆንሰን ይባላል። ሌሎቹ የሸሹትም መደበቂያ አድርገው የያዙት ይሄንኑ ስም ስለነበር ማን ማን እንደሆነ መለየት አስቸገረ። ስሙ እንደገና መቀየር አለበት። ዳግላስ ምርጫውን ለናታን ተወለት። አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ ፍሬድሪክን እንዳትነካብኝ አለው፣ እሱን ካጣሁ እኔ ማን እንደሆንኩ ይጠፋኛል በሚል ስሜት። ናታን በዚያ ሰሞን የዋልተር ስኮትን ግጥም እያነበበ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ዳግላስ የሚለውን አወጣለት።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰው፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት የቤተሰብ ስም። የመጀመሪያው የባርነት ቤት ስም፣ ሁለተኛው መሸሸጊያ፣ ሦስተኛው ከግጥም መጽሐፍ። ዓለም ያወቀው በሦስተኛው ነው።

ያ ስም ግን ሌላም ባለቤት ነበረው። እስጢፋኖስ ብለን ልንጠራው የምንችለው ስቲቨን ዳግላስ፣ የኢሊኖይ ሴናተር፣ ሊንከንን በ1858 ሰባት ጊዜ አደባባይ ላይ የተከራከረው ሰው። በ1854 ባርነት ወደ አዲሶቹ ግዛቶች እንዲገባ በር የከፈተውን የካንሳስና ኔብራስካ ሕግ ያመጣው እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የፍሬድሪክ ስም መጨረሻ ላይ አንድ «ኤስ» ይጨምራል፣ በእኛ ፊደል ግን ምንም ልዩነት የላቸውም። ስቲቨን በክርክሩ ላይ የስም አቻውን የፍሬድሪክን ስም ሊንከንን ማጥቂያ አድርጎ ይጠራው ነበር፤ ሊንከን ከዚህ ጥቁር ሰው ጋር አንድ ነው እያለ ነጭ መራጮችን ለማስፈራራት። ዛሬ ዳግላስ ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው የትኛው ነው? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው።

የካቲት 1866 ፍሬድሪክ ዳግላስ ከሌሎች ጥቁር መሪዎችና ከልጁ ከሉዊስ ጋር ሆኖ ዋይት ሐውስ ገባ። የሄዱት ለጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲሰጥ ለመጠየቅ ነው። የተቀበላቸው አንድሩ ጆንሰን ነው። ሰማቸው ከማለት ራሱ ረጅም ንግግር አደረገባቸው ማለት ይሻላል፣ ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው። አንድ ጊዜ ጆንሰን ሆኖ የነበረ ሰው ከጆንሰን ፊት ቆሞ ማለት ነው።

ዳግላስ ሲወለድ ከያዛቸው ስሞች አንዱ ዋሽንግተን እንደነበር አስተውላችኋል? ወደሱ ልመለስ።

በ2000 የሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው አሜሪካውያን ወደ 163 ሺህ ነበሩ። ከነሱ 90 በመቶው ጥቁሮች ናቸው። መጀመሪያ ሳነበው ቁጥሩ የተሳሳተ መሰለኝ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ የነጭ ባላባት፣ የባሪያ ጌታ ስም እኮ ነው! ጆርጅ ዋሽንግተን ከአብራኩ የወጣ ልጅ አልነበረውም። በሞተበት በ1799 ማውንት ቨርነን በሚባለው እርሻው 317 ሰዎች በባርነት ነበሩ። ከነሱ የራሱ ንብረት ተብለው የተቆጠሩት 123ቱን ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነፃ ይውጡ ብሎ ተናዘዘ፤ ማርታ ሞቷን ሳትጠብቅ በ1801 መጀመሪያ ለቀቀቻቸው። ግን ዋሽንግተን የሚባሉት ጥቁሮች ሁሉ ከዚያ እርሻ የወጡ አይደሉም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነፃ የወጡ ብዙ ሰዎች ስም ያስፈልጋቸው ነበር፣ ይሄን ስም ራሳቸው መርጠው ወሰዱት።

እንዴት እንደሚመረጥ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን በላይ የነገረን የለም። በ1856 ቨርጂኒያ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ስሙ ቡከር ብቻ ነበር። ነፃ ሲወጡ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄዱ፣ በጨው ማምረቻ ሠራ፣ በስንት መከራ ትምህርት ቤት ገባ። አስተማሪው የልጆቹን ስም ሲጠራ ሁሉም ሁለት ሁለት ስም አላቸው፣ አንዳንዱም ሦስት። ቡከር አንድ ብቻ እንዳለው ገባውና ተራው እስኪደርስ ጨነቀው። ተራው ሲደርስ፣ ረጋ ብሎ፣ ዕድሜ ልኩን ሲጠራበት የኖረ ይመስል፣ ቡከር ዋሽንግተን አለ። እንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስሙ ዋሽንግተን ነበር፤ ከዚያም ሊሆን ይችላል። እናቱ ሲወለድ ታሊያፌሮ የሚል ሌላ ስም እንዳወጣችለት የሰማው ቆይቶ ነው፣ መሐል ላይ ያለችው «ቲ» ያቺ ናት። ይሄ ልጅ በ25 ዓመቱ፣ በ1881፣ አላባማ ውስጥ የቱስኪጊን ትምህርት ቤት መምራት ጀመረ።

በ1896 ቱስኪጊ ላይ እርሻ እንዲያስተምርለት አንድ ሰው ጋበዘ። ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር። እሱም ባሪያ ሆኖ ሚዙሪ ውስጥ ነው የተወለደው፤ ካርቨር የጌታው ስም ነው። ዋሽንግተን የተጨመረበት፣ እንደሚነገረው፣ በነበረበት ከተማ ሌላ ጆርጅ ካርቨር ስለነበር ለመለየት ስሙ መሐል አንድ ፊደል ካስገባ በኋላ ነው፣ ፊደሏ የዋሽንግተን ናት ወይ ሲሉት ለምን አትሆንም ብሎ። ጥጥ ያደከመውን የደቡብ መሬት በኦቾሎኒና በስኳር ድንች እንዲያገግም ለገበሬዎች ያስተማረ ሰው ነው። በ1943 እስኪሞት ቱስኪጊን አልለቀቀም። ሁለቱ ዋሽንግተኖች ዛሬ እዚያው ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረዋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሃሪ ነው። ጋምቢያ አካባቢ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ፣ ማውንት ቨርነን የገባ ሰው። ጆርጅ ዋሽንግተን እንግሊዞችን ለነፃነት ሲወጋ ሃሪ በ1776 አምልጦ እንግሊዞቹ ጋር ገባ፣ እሱም ለነፃነቱ። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1783 ከኒው ዮርክ በመርከብ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ሄደ። ሲመዘገብ ሃሪ ዋሽንግተን ተብሎ ነው። በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። በ1800 ደግሞ እዚያ የሚያስተዳድረው ኩባንያ መሬታቸው ላይ የጣለባቸውን ክፍያ ተቃውመው ሰፋሪዎቹ ሲያምፁ ሃሪ አብሮ አመፀ፣ ተይዞም ከሰፈሩ እንዲባረር ተፈረደበት። ጆርጅም እኮ የተነሳው ግብር አልከፍልም ካሉት ጋር ነው። አንዱ ፊቱ ገንዘብ ላይ ታተመ። የሌላውን ግን ስንት ሰው ያውቀዋል?

ወደ ቡከር ልመለስና፣ ጥቅምት 1901 ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት በሆነ በአንድ ወሩ ዋይት ሐውስ እራት ጋበዘው። ደቡብ ውስጥ የነበረው ቁጣ ለማመን ይከብዳል። ከጥቁር ሰው ጋር አንድ ማዕድ ቀረበ ብለው ጋዜጦቹ ለሳምንታት ሰደቡት። ሩዝቬልት በ1919 ጥር 6 ሞተ። በዚያው ወር በ31ኛው ቀን ጆርጂያ ውስጥ አንድ ጥቁር ልጅ ተወለደ፣ ለፕሬዚዳንቱ መታሰቢያ እንዲሆን የመሐል ስሙን ሩዝቬልት አሉት። ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን። ጃኪ ሮቢንሰን ስንል እሱን ነው፤ በ1947 የቤዝቦልን የዘር ግድግዳ ያፈረሰው።

ሮቢንሰን ካልን ሹገር ሬይ ሮቢንሰንም አለ፣ ታላቁ ቦክሰኛ። እሱ ጋር ደግሞ ስሙ ጭራሽ የሌላ ሰው ነው። ዎከር ስሚዝ ነበር የሚባለው። ልጅ ስለነበር ለመወዳደር ዕድሜው አልደረሰም፣ ሬይ ሮቢንሰን የሚባል ጓደኛውን መታወቂያ ይዞ ገባ፣ አሸነፈ፣ ስሙ በዚያው ቀረ።

ስለ ቦክስ ከተነሳ መሐመድ አሊን መዝለል አይቻልም። ካሲየስ ማርሴለስ ክሌይ ሆኖ ነው በ1942 ሉዊቪል፣ ኬንታኪ የተወለደው፤ የአባቱም ስም ይሄው ነው። ስሙ የመጣው ከአንድ የኬንታኪ ነጭ ነው፤ ያኛው ካሲየስ ክሌይ በ1810 ከባለጸጋ ባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ተወልዶ፣ የወረሳቸውን ባሮች ነፃ አውጥቶ፣ ሌክሲንግተን ውስጥ ባርነትን የሚቃወም ጋዜጣ የከፈተ ነው። ማተሚያ ቤቱን እንዳያቃጥሉበት መድፍ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ አንዳንዶች አሊ «የባርነት ስሜ» ብሎ የጣለው ስም የባርነት ጠላት ስም ነው እያሉ ይከራከሩታል። እኔ ክርክሩ አይዋጥልኝም። የክሌይ ቤተሰብ ስም ወደ ጥቁሮች የገባው በባርነት በኩል ነው፣ አንድ ጥሩ ሰው ስለተጠራበት ይሄ አይለወጥም። በ1964 ቦክሰኛውን ሊስተንን አሸንፎ ስሙን ሲቀይር ብዙ ጋዜጠኞች ለዓመታት ክሌይ እያሉ ቀጠሉ። አንድን ሰው ስሜ ይሄ ነው ሲል እምቢ ማለት ምን ያህል ንቀት እንደሆነ ለማየት እነዚያን ጋዜጦች ማንበብ ይበቃል።

ከአሊ በፊት በ1908፣ ሊንደን ቴክሳስ ውስጥ በተወለደበት ዓመት መጨረሻ፣ ሲድኒ ላይ ሌላ የቴክሳስ ልጅ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ጃክ ይባላል። የቤተሰቡ ስም? ጆንሰን።

የመጨረሻዋ ጆንሰንን ካልነገርኳችሁ አልጨርስም። ካትሪን። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በ1918 ስትወለድ ኮልማን ነበረች፣ ስታገባ ጎብል ሆነች፣ ባሏ ሞቶባት በ1959 እንደገና ስታገባ ጆንሰን። ሁለቱም ባሎቿ ጄምስ ነው የሚባሉት። የሒሳብ ሰው ናት፣ ናሳ ውስጥ ሮኬት የሚሄድበትን መስመር በእጇ ታሰላ ነበር። በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ምድርን ሊዞር ሲል ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቁጥር እሷ እንድታረጋግጥለት ጠየቀ። ደህና ነው ካለች እሄዳለሁ አለ።

ሂዩስተን ያለው የናሳ ማዕከል ከ1973 ጀምሮ ጆንሰን የጠፈር ማዕከል ይባላል፣ በሊንደን ስም። ሃምፕተን፣ ቨርጂኒያ፣ ካትሪን በሠራችበት ግቢ ደግሞ በ2017 በእሷ ስም አዲስ የስሌት ማዕከል ተከፈተ። ሪባኑ ሲቆረጥ 99 ዓመቷ ነበር፣ ተገኝታለች። ሕንፃ በስምሽ መሰየሙ ምን ተሰማሽ ብለው ሲጠይቋት እውነቱን ልንገራችሁ፣ አብደዋል ብዬ ነው የማስበው አለቻቸው።